የዓይን ጥግ ሽብሽብ፦ ገንዘባችሁን የቱ ላይ ታውሉታላችሁ?

ባለፈው እሑድ ኮዬ ፈጬ፣ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነበርን። ከሰሉ ገና በደንብ አልያዘም። ጭሱ የሁላችንንም ዓይን አስጨፍኖታል። ረከቦቱ አጠገብ ከስኒው ሌላ አራት ነገር ቀርቧል። አንዷ እህቷ ከዱባይ የላከችላትን ትንሽዬ የዓይን ክሬም ይዛ መጥታለች፤ 15 ሚሊ ሊትር። ሌላዋ ከብሎኩ ሥር ከተከለችው እሬት ቆርጣለች። ሦስተኛዋ ስልኳ ላይ የቦቶክስ (ጡንቻ የሚያሳርፍ መርፌ) ማስታወቂያ ከፍታለች። የቤቱ ባለቤት እትዬ ደግሞ የዘወትር ቫዝሊናቸውን አስቀምጠዋል።

"አንቺ ፋርማሲ አይደል የምትሠሪው? ፍረጂ እስቲ፣ የቱ ይሻላል?" አሉኝ።

ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። ይህ ጥያቄ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳትገዙ ልድረስባችሁ። የማንንም ብራንድ አላሞግስም። ዋጋም በብር አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ከውጭ ለሚገባ ክሬም ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ነገ ውሸት ነው።

መጀመሪያ መስታወት

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ሽብሽብ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱን የሚያጠፋው ሌላውን አይነካውም።

መስኮት አጠገብ መስታወት ይዛችሁ ቁሙ። የስልክ ካሜራ አይሆንም፤ የዛሬ ስልክ ሳትጠይቁት ፊት ያለሰልሳል። ፈገግ በሉ። ከዚያ ፊታችሁን አሳርፉት።

ስትስቁ ብቻ ወጥቶ የሚጠፋው መስመር የጡንቻ ነው። ዓይንን እንደ ቀለበት የሚከብ ጡንቻ አለ። ስንስቅ፣ ፀሐይ ስትወጋን፣ ጭስ ሲገባን ይኮማተራል። ቆዳው አብሮ ይታጠፋል። ፊታችሁ አርፎም የማይጠፋው መስመር ግን ቆዳው ውስጥ ገብቷል። ቆዳን ወጥረው የሚይዙት ኮላጅንና ኢላስቲን የሚባሉት ክሮች ሳስተዋል ማለት ነው። ሦስተኛው የድርቀት ነው። ታጥባችሁ ስትወጡ ብዙ ጥቃቅን መስመር ይታያል፣ ቅባት ሲነካው ደግሞ ይለሰልሳል። በታኅሣሥና በጥር ደረቅ ነፋስ "አረጀሁ" ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። አላረጁም፣ ደርቀዋል።

ከዓይን ሥር ያለ እብጠት ሽብሽብ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ጨው፣ አለርጂ ወይም የቤተሰብ መልክ ሊሆን ይችላል። ድንገት የመጣ ከሆነና እግርም የሚያብጥ ከሆነ፣ መሄድ ያለባችሁ ወደ ክሬም መደርደሪያ ሳይሆን ወደ ኩላሊት ምርመራ ነው።

ለምን ዓይን? ለምንስ እኛ ሰፈር?

የዓይን ሽፋን ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ ስስ ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎቹም ጥቂት ናቸው። በቀን ስንት ሺህ ጊዜ እንደምንጠቅስ ደግሞ ቁጠሩት።

በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር የፀሐይ አልትራቫዮሌት (ዩቪ) ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እንጦጦና ሱሉልታ በኩል የሚኖር ሰው ደግሞ ከእኛም ይብስበታል። ፀሐይዋ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። የሚያታልለን ብርዱ ነው። "ዛሬ እኮ ይበርዳል" ብሎ ጃንጥላውን የሚተው ሰው ጨረሩን በሙቀት እየለካ ነው። ጨረሩ ግን አይሞቅም። ስስ ደመናም አያግደውም።

ከተማ ዳር ስንኖር ሌላም ይጨመራል። ዛፉ ገና ችግኝ ነው። የታክሲው ሰልፍ ሜዳ ላይ ነው። መንገዱ ካላለቀ አቧራ አለ፣ አቧራ ካለ ዓይን ማሸት አለ። ማሸቱ ራሱ ያንን ስስ ቆዳ ይጎትተዋል።

"ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይጎዳውም" የሚለውስ? ግማሽ እውነት ነው። ሜላኒን ጥላ ነው። የጥቁር ቆዳን የተፈጥሮ መከላከያ የለኩ ተመራማሪዎች ከኤስፒኤፍ (የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ማለትም የሰንስክሪን፣ የመከላከል ልክ) 13 ገደማ ጋር አስተያይተውታል። ስለዚህ ሽብሽብ ከፈረንጅ ዘግይቶ ይመጣብናል። እኛ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ማዲያትና ጥቁረት ነው። ቆዳችን ሲቆጣ ይጠቁራል። ይህንን ያዙልኝ፤ ወደ ታች ብዙ አማራጭ የሚወድቀው በዚህ ነው።

በምን እንመዝን?

እኔ አምስት ነገር አያለሁ። የመጀመሪያው ማስረጃ ነው፦ በሰው ላይ ተሞክሮ ሠርቷል ወይስ ማስታወቂያ ብቻ ነው? ሁለተኛው ለእኛ ቆዳና ለዓይን ቅርበት አደጋው ምን ያህል ነው? ሦስተኛው የዓመት ወጪው እንጂ የዕቃው ዋጋ አይደለም። አራተኛው ስታቆሙት ምን ይሆናል?

አምስተኛውን ማስታወቂያ አይነግራችሁም። መንገዱ ነው። ከኮዬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። ምሽት ላይ ዓይናችሁ ቢያብጥ ማን ያያችኋል? ሦስት ጊዜ ተመለሱ የሚል ሕክምና ለቦሌ ሰውና ለእኛ አንድ ዋጋ የለውም።

ጥላ፣ መነጽርና ሰንስክሪን

ከዚህ ነው የምጀምረው። ውበት ቤት ስለዚህ አይነግራችሁም፤ የሚሸጥበት ብዙ ነገር የለውማ።

የእኛ ብሎክ ጋሼ ለረጅም ዓመት አይሱዙ ነድተዋል። ፊታቸውን ቀስ ብላችሁ ብታዩት በግራ በኩል ያለው የዓይን ጥግ ከቀኙ የበለጠ ታርሷል። ነገሩ የእሳቸው ብቻ አይደለም። በፈረንጆች 2012 (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም የፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች የአንድ የ69 ዓመት ሹፌር ፎቶ አሳትመው ነበር። 28 ዓመት ዕቃ ማመላለሻ መኪና ነድቷል። በመስኮት በኩል ያለው ግራ ፊቱ የአባቱ፣ ቀኙ የእሱ ይመስላል። ተራ መስታወት የሚያቃጥለውን ዩቪቢ ያግዳል። ወደ ውስጥ ዘልቆ ኮላጅን የሚበላውን ዩቪኤ ግን ያሳልፋል። ታክሲ ውስጥ ሁልጊዜ መስኮት ዳር የምትቀመጡ፣ እናንተንም ይመለከታል።

ሰንስክሪን ይሠራል ወይ ለሚለው ጥሩ መልስ ያለው አውስትራሊያ ነው። በ2013 የታተመ ጥናት 903 ሰዎችን ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትሏል። በየቀኑ የተቀቡት ሲመስላቸው ብቻ ከተቀቡት ጋር ሲነጻጸሩ የቆዳቸው እርጅና 24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ እነዚያ ባብዛኛው ነጮች ናቸው። ኮላጅናችን ግን ያው ኮላጅን ነው።

ስትገዙ ኤስፒኤፍ 30 ይበቃል። 30 የሚለው የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ያህል ያስቀራል፣ 50 የሚለው 98። ለአንድ በመቶ ብላችሁ እጥፍ አትክፈሉ። ይልቅ "ብሮድ ስፔክትረም" የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ዩቪኤንም ይከላከላል ማለት ነው። ለዓይን አካባቢ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ይሻላል፣ ዓይን ውስጥ ቢገባ ብዙም አያቃጥልም። ችግሩ ነጭ ያደርጋል። መጀመሪያ የተቀባሁ ቀን ባልደረባዬ "ወፍጮ ቤት ውለሽ ነው?" አለችኝ። መፍትሔው ቡናማ ቀለም ያለውን መግዛት ነው። ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ማዲያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃንም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለእኛ ሁለት ጥቅም አለው።

መጠኑ ላይ ሁላችንም እንሰስታለን። ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ ነው፤ ጠቋሚና መሐል ጣታችሁ ላይ አስምራችሁ። እንዲህ ስትቀቡ 50 ሚሊ ሊትር ዕቃ በቀን አንዴ ቢሆን ስድስት ሳምንት ያህል ይሄዳል። ውጭ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይድገም ይባላል። የዓመት ወጪውን ስታሰሉ ስድስት ወር ከቆየላችሁ፣ እየተቀባችሁ አይደለም።

አቅም ከሌለ ጃንጥላ አለ፣ ሰፊ ባርኔጣ አለ፣ ነጠላ አለ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ሽሹ። ሰዓት ባትይዙም ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ጨረሩ ኃይለኛ ነው። መነጽር ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጨረሩን ያግዳል፣ ዓይን ማጨንቆርን ያስቀራል። ማጨንቆሩ ነው መስመሩን የሚቀድደው። የመስታወቱ ጥቁረት ምንም አይነግራችሁም፤ "ዩቪ 400" የሚል ይኑረው። የሚጠራጠር ሰው መነጽር ቤት አስለክቶ ማረጋገጥ ይችላል።

እግረ መንገዴን፦ ከ40 ዓመት በኋላ ስልክ ራቅ አድርጋችሁ፣ ዓይን አጥብባችሁ የምታነቡ ከሆነ የማንበቢያ መነጽር ያስፈልጋችኋል። ለዓይን ጥግ ክሬም የሚገዙ፣ ግን መነጽር ለማድረግ የሚያፍሩ ስንት ሰው አውቃለሁ መሰላችሁ።

ቫዝሊንና ግሊሰሪን

እትዬ ቫዝሊናቸውን ሲያቀርቡ ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ቫዝሊን ውኃ ከቆዳ እንዳይተን በመከልከል የሚስተካከለው የለም ማለት ይቻላል። ለድርቀት ሽብሽብ በአንድ ሌሊት ልዩነት ያሳያል። ሽታ የለውም፣ አለርጂ እምብዛም አያስነሳም፣ ከሰፈር ሱቅ ይገኛል።

ቫዝሊን ግን አዲስ ኮላጅን አይፈጥርም። ፀሐይም አይከላከልም። ፊታችሁን አጥባችሁ ቆዳው እርጥብ ሳለ በስሱ ቀቡት፤ ውኃውን አምቆ ይይዛል። ደረቅ ቆዳ ላይ ከቀባችሁት ድርቀቱን ነው የምትከድኑት። ግሊሰሪን ውኃ ይስባል፣ ግን ንጹሑን አትቀቡ፤ በውኃ ቀጥኑት ወይም ያለበትን ሎሽን ግዙ። አንዳንድ ሰው ቫዝሊን የዓይን ጥግ ላይ ሲበዛ ነጫጭ ጥቃቅን ፍሬ ያወጣል። ካወጣባችሁ ቀለል ወዳለ ሎሽን ዙሩ።

"የዓይን ክሬም"

እዚህ ላይ ጎረቤቴን ላስቀይም ነው። አብዛኛው የዓይን ክሬም የፊት ክሬም ነው፣ ትንሽ ዕቃ ውስጥ የገባ። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ውኃ፣ ግሊሰሪን፣ ዘይት፣ ሽቶ ከሆነ የገዛችሁት ማለስለሻ ነው። ዋጋውን ለሚሊ ሊትሩ አካፍሉ። የ15 ሚሊ ሊትሩን የዓይን ክሬምና የ50 ሚሊ ሊትሩን የፊት ክሬም እንዲህ ካስተያያችሁ በኋላ ውሳኔው የእናንተ ነው።

የሚያዋጣው መቼ ነው? ሬቲኖል ወይም ሬቲናል (የቫይታሚን ኤ ዘመዶች፣ ቀጥሎ እመጣበታለሁ) በስም ተጽፎ ካለበት፣ ሽቶ ከሌለውና ፊታችሁ በቀላሉ የሚቆጣ ከሆነ። ካፌይን ያለበት እብጠትን ለጥቂት ሰዓት ሊቀንስ ይችላል። ማንኪያ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ ዓይን ላይ ማሳረፍም እንዲሁ።

ሬቲኖልና ትሬቲኖይን

የገባ መስመርን ከሚያሻሽሉ የሚቀቡ ነገሮች ሁሉ ማስረጃው የጠነከረው ይሄ ነው። ሁለቱም የቫይታሚን ኤ ዘመድ ናቸው። ትሬቲኖይን ኃይለኛው ነው፣ በሐኪም ትእዛዝ። የጀመረው በብጉር መድኃኒትነት ነበር። ቆዳን እንደሚያለሰልስ ታየና አሜሪካ ውስጥ በ1995 ለቀጫጭን ሽብሽብ ተፈቀደ። ሬቲኖል ቆዳ ውስጥ ገብቶ ወደዚያው ንጥረ ነገር መለወጥ አለበት፤ ስለዚህ ደከም ይላል፣ ቆዳንም እንደ ትሬቲኖይን አያስቆጣም።

የራሴን ልንገራችሁ። "ፋርማሲስት ነኝ፣ አውቀዋለሁ" ብዬ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ በየቀኑ ተቀባሁ። ያውም ሽፋኑ ድረስ። በሳምንቱ ዓይኔ ሥር ተላጠ፣ ቀላ፣ አቃጠለኝ። ቅላቱ በአሥር ቀን ሄደ። ትቶት የሄደው ጥቁረት ግን ለመደብዘዝ አምስት ወር ፈጀ። ደንበኛ ቢሆን ኖሮ እቆጣው ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ለመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ። ፊታችሁ በደንብ ይድረቅ፣ መጀመሪያ ሎሽን ቀቡ፣ ከዚያ ለሁለቱም ዓይን ጥግ የምስር ፍሬ ያህል። በጣታችሁ ስትነኩ አጥንቱ የሚሰማችሁ ቦታ ላይ ይቁም፤ ሽፋኑ ላይ አይውጣ። ቆዳው ከቻለው በየሁለት ሌሊቱ አድርጉት። ጠዋት ሰንስክሪን ግዴታ ነው፣ አለበለዚያ በአንድ እጅ ሠርቶ በሌላው ማፍረስ ነው። ውጤቱን ከሦስት እስከ ስድስት ወር ጠብቁ። ስታቆሙት ጥቅሙ ቀስ በቀስ ይሄዳል።

ለነፍሰ ጡርና ለማርገዝ ለምታስብ ክልክል ነው። ሌላው ነገር ዕቃው ነው። ብርሃንና አየር ያበላሹታል፤ ክዳኑ ተነሥቶ በጣት የሚጠለቅ ብልቃጥ ውስጥ ያለውን ተዉት፣ በቱቦ ወይም በፓምፕ ያለውን ውሰዱ። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ሬቲኖል ደግሞ ሬቲኖልነቱ ስሙ ላይ ብቻ ነው።

ቦቶክስ

ስትስቁ ለሚወጣው መስመር ከዚህ የሚፈጥን የለም። ታሪኩም ከዓይን የጀመረ ነው። መጀመሪያ የተፈቀደው በ1989 ለሸውራራ ዓይንና ያለ ፈቃድ ለሚጨፈን ዓይን ነበር። ካናዳ ውስጥ ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ሚስቲቱ የዓይን፣ ባልየው የቆዳ፣ የታካሚዎች ግንባር እየለሰለሰ መምጣቱን አስተዋሉና በ1992 ጻፉበት። ለዓይን ጥግ መስመር አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ግን በ2013 ነው።

የሚያደርገው፣ ነርቭ ለጡንቻው "ተኮማተር" ብሎ የሚልከውን መልእክት ማቋረጥ ነው። በቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ በሁለት ሳምንት ሙሉ ይሆናል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል። ከዚያ ጡንቻው ይመለሳል። ፊታችሁ አርፎም ለሚታይ ጥልቅ መስመር ብቻውን አይበቃም። ለድርቀት ደግሞ ምንም አያደርግም። ቆዳን ስለማያቃጥል ለጥቁር ቆዳ አደጋው ከሌዘር ያንሳል፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው።

አሁን መንገዱን እናስላ። በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው። በየጊዜው ከሁለት ሳምንት በኋላ መታየት አለ። ስድስት እስከ ስምንት ግማሽ ቀን ማለት ነው፣ ከነታክሲው፣ ከነሰልፉ። የዓመቱን ዋጋ ስትጠይቁ ይህንንም ደምሩ።

መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት በሚሄድበት ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም። ጄኔሬተር አላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ብልቃጡ በፊታችሁ ይከፈት፣ ስሙንና ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን አንብቡ። የሚወጋው ማን ነው? ሐኪም ነው? ፈቃዱ ግድግዳው ላይ አለ? ፎርጅድ ቦቶክስ አሜሪካ ውስጥ እንኳ በ2024 ሰዎችን ሆስፒታል አስገብቷል። "ቅዳሜ ሳሎን ውስጥ በቅናሽ" የሚል ካያችሁ እለፉት። የሽፋን መውደቅ ሊያጋጥም ይችላል። በሳምንታት ይመለሳል፣ እስኪመለስ ግን ሐኪም የሚያያችሁ መሆን አለበት። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባና የጡንቻ መድከም በሽታ ላለበት አይሆንም።

ሌዘር፣ ፒሊንግ፣ መርፌ፣ ፊለር

በአጭሩ። ቆዳን የሚልጥ ሌዘርና ጠንካራ ፒሊንግ (ቆዳን በኬሚካል መላጥ) ለጥልቅ መስመር ይሠራል፣ ግን እኛ ላይ ጥቁረት የመተው ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ የሠራ የቆዳ ሐኪም ካላገኛችሁ አትሞክሩት። በጥቃቅን መርፌ ቆዳን መውጋት በዚህ ረገድ ይሻላል፤ መርፌው አዲስ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፣ በኦንላይን ገዝታችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩ። ፊለር (ቆዳ ሥር የሚወጋ መሙያ) ዓይን አካባቢ በስህተት የደም ሥር ውስጥ ቢገባ ማየት እስከማሳጣት ይደርሳል። አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ነው፣ ሲሆን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሕክምና ይጠይቃል። ከተማ ዳር ለምንኖር ይህን አልመክርም።

ከማጀትና ከጓሮ

እሬት ቆዳ ያበርዳል፣ እርጥበት ይሰጣል። ሽብሽብ ያጠፋል የሚለው ግን አልታየም። ስትቆርጡት መጀመሪያ የሚወጣውን ቢጫ ፈሳሽ አፍስሱት፣ እሱ ያሳክካል። የእንቁላል ነጭ ሲደርቅ ቆዳውን ይወጥራል፣ ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል። ማር አይጎዳም፣ ከዳቦ ጋር ይሻላል። የቡና አተላ መፈግፈጊያ ለተረከዝ እንጂ ለዓይን አይሆንም።

ሎሚን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ጥቁር ጠባሳም ይተዋል። ከተፈጥሮ ስለመጣ አይጎዳም የሚል ሰው ሳማ ነክቶ ይሞክረው።

ከኮስሞቲክስ ቤት ያለ ስም በብልቃጥ ተሞልቶ የሚሸጠው ድብልቅ ክሬምስ? ይህን ከአማራጭ አልቆጥረውም። ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለበት። መጀመሪያ ፊት ያበራል፣ ሰው "ተስማማኝ" ይላል። ከወራት በኋላ ቆዳውን ያሳሳል፤ ሽብሽብ ሊያጠፋ የገባው ሽብሽብ ይጨምራል። ዓይን አጠገብ ሲከርም ደግሞ የዓይን ግፊትና የዓይን ሞራ ያስከትላል። እየተጠቀማችሁ ከሆነ በድንገት አታቋርጡት፣ ፊት ይነዳል። የቆዳ ሐኪም እዩ። አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው፤ ከኮዬ ዘነበወርቅ ሩቅ ነው፣ ግን ለዚህ መሄድ ያዋጣል።

ጠቅለል ያለ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ለየትኛው ሽብሽብ | ውጤት መቼ | ለጥቁር ቆዳ | የዓመት ወጪ | መንገድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጃንጥላ፣ ባርኔጣ፣ መነጽር | ለሁሉም፣ ለመከላከል | በዓመታት | ምንም ስጋት የለም | በጣም ዝቅተኛ | የለም |
| ሰንስክሪን | ለሁሉም፣ ለመከላከል | በዓመታት | ባለ ቀለሙ ይመረጣል | መካከለኛ | የለም |
| ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን | ለድርቀት | በማግስቱ | ስጋት የለም | በጣም ዝቅተኛ | የለም |
| ተራ የዓይን ክሬም | ለድርቀት | በማግስቱ | ሽቶው ሊያስቆጣ ይችላል | ከፍ ያለ | የለም |
| ሬቲኖል | ለገባ ቀጭን መስመር | 3–6 ወር | ቀስ ብሎ ከተጀመረ ደህና | መካከለኛ | የለም |
| ትሬቲኖይን | ለገባ መስመር | 3–6 ወር | መቆጣትና ጥቁረት ይጠበቅ | መካከለኛ | ሐኪም ዘንድ |
| ቦቶክስ | ሲስቁ ለሚወጣ | እስከ 2 ሳምንት | ጥሩ፣ ባለሙያ ካለ | በጣም ከፍተኛ | በዓመት 6–8 ጊዜ |
| ሌዘር፣ ፒሊንግ | ለጥልቅ መስመር | በወራት | ጥቁረት ሊተው ይችላል | በጣም ከፍተኛ | ተደጋጋሚ |
| እሬት፣ ማር | ለድርቀት፣ በትንሹ | ለሰዓታት | ስጋቱ አነስተኛ | ምንም | የለም |

ታዲያ ማን ምን ይውሰድ?

ዕድሜያችሁ ከ30 በታች ከሆነና መስመር ካላያችሁ፣ ጃንጥላና ሰንስክሪን ይበቃችኋል። የቀረውን ገንዘብ ብሉበት። ሲጋራ የምታጨሱ ካላችሁ ከየትኛውም ክሬም በፊት እሱን አቁሙ፤ ኮላጅን በመጨረስ ከፀሐይ ጋር ነው የሚፎካከረው።

ለፊት ብላችሁ የምታወጡት ገንዘብ ከሌላችሁ ዩቪ 400 መነጽር፣ ባርኔጣና ቫዝሊን። ይህ የድሃ ምርጫ አይደለም። እኔ ራሴ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል መነጽሩን ነው የምወስደው።

ከወር ወጪያችሁ ትንሽ የሚተርፋችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሰንስክሪን ግዙ። ሦስት ወር ሳታቋርጡ መቀባት ከቻላችሁ ያኔ ሬቲኖል ጨምሩ። ሰንስክሪኑን ያቋረጠ ሰው ሬቲኖል ባይጀምር ይሻለዋል። ማዲያት ያለባችሁ ደግሞ ከሬቲኖሉ በፊት ሐኪም ይያችሁ።

በጥር የምታገቡ ሙሽሮች፣ ታኅሣሥ ላይ ምንም አዲስ ነገር አትጀምሩ። ተላጦ ከመዳር ተሸብሽቦ መዳር ይሻላል። ቦቶክስ ካሰባችሁም ከሠርጉ ቢያንስ ወር ቀድሞ ይሁን፤ የበለዘው እንዲጠፋ፣ ያልተስተካከለው እንዲስተካከል።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ሰንስክሪንና ግሊሰሪን ያለበት ሎሽን። ሌላው ሁሉ ይቆይ።

አቅሙ ኖሯችሁ የሚያስቸግራችሁ ስትስቁ የሚወጣው መስመር ብቻ ከሆነ ቦቶክስ ትክክለኛ ምርጫ ነው። አንድ ዓመት እንደምትቀጥሉበት አስባችሁ ግቡ እንጂ አንዴ ብቻ ለመሞከር አትሂዱ። ፎቶው ያምራል፣ በአራተኛው ወር ግን ወደነበራችሁበት ትመለሳላችሁ።

እንደ እትዬ 60 ያለፋችሁ፣ ቫዝሊኑ ይቀጥል። ከክሬም በፊት ግን ዓይናችሁን ታዩ። ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው። የሚያጨነቁራችሁ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል።

ለሹፌሮች አንድ ነገር አለኝ። የፊተኛው መስታወት ድርብ ስለሆነ ዩቪኤን በብዛት ያስቀራል። የሚጎዳችሁ የጎኑ ነው። ጋሼን ሰንስክሪን ተቀቡ ብላቸው "እኔ ሴት ነኝ እንዴ?" አሉኝ። በመነጽርና ወርዶ በሚሸፍን ባርኔጣ ተስማማን። መነጽሩን በማግስቱ ገዙ። ባርኔጣውን ረዳታቸው አድርጎት አየሁ።